ካሜራው ያጸዳው ግንባር

ጥቅምት 6፣ ረቡዕ፣ ጧት 3፡00

...የካሜራውን ጥቁር ጨርቅ ከራሳቸው ላይ ሳይገልጡ፣ ፎቶ ሊነሳ የመጣውን ገበሬ ስለ በሬዎቹ ይጠይቁታል፤ ሰውየው አመለኛ ስለሆነው አንዱ በሬ ማውራት ይጀምራል፣ አንገቱ ይላላል፣ ያን ጊዜ ጋሽ ይስማው...

ደንበኛ መጣችና ጽሑፌን አቋረጠችኝ። ጋሽ ይስማው ፎቶ ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። ያቋረጠችኝ የሺ ትባላለች፣ ከይጁቤ። እናቷ ወ/ሮ ጥሩወርቅ አርፈዋል። ሚያዝያ ላይ ለመታወቂያ እዚሁ ፎቶ ቤቴ ተነስተው ነበር፤ ሌላ ፎቶ የላቸውም። ለተዝካሩ ዳስ ውስጥ የሚሰቀል፣ ትልቅ አድርጌ እንዳትምላት ትፈልጋለች። አገኘሁት። ጥሩ ብርሃን። ኮራሁ።

ጥቅምት 8፣ ዓርብ፣ ከሰዓት

የሺ የታተመውን ወደ በሩ ብርሃን አዞረችው። “እታለም፣ መስቀሏን ማን ፋቀው?” አለችኝ።

ወ/ሮ ጥሩወርቅ ግንባራቸው ላይ የመስቀል ንቅሳት ነበራቸው። ፎቶው ላይ ግንባሩ እንደ እንቁላል ነው። አዲሱን ካሜራ በገዛሁ ሳምንት ፊት የሚያለሰልሰውን ነገር አብርቼ ትቼዋለሁ፤ ሙሽሮች ይወዱታል። ብጉር ያጠፋል፣ ጠባሳ ያጠፋል። መስቀሉንም ጠባሳ አድርጎ ቆጠረው። ያልተነካው ምስል የለም፤ የተቀመጠው የለሰለሰው ብቻ ነው።

መታወቂያውን ከመቀነቷ ፈታ አሳየችኝ። እዚያም የለም። ይዘውት ሲዞሩ ማንም ልብ አላለም።

የሚብሰውን ልንገርህ፣ ማስታወሻዬ። ያን ቀን ስድስት ጊዜ አነሳኋቸው። መስቀሉ ትዝ አይለኝም። ካሜራው ባይፍቀውም እኔ አላየሁትም።

ጥቅምት 9፣ ቅዳሜ

በኮምፒውተር መስቀል ሠራሁ። ቀጥ ያለ፣ ልኩን የጠበቀ። የሺ ሳቀች። ከትናንቱ ጥያቄዋ ይልቅ ሳቋ አስደነገጠኝ።

“አንች፣ ይኼማ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ነው። የእናቴ ግራ ክንዱ አጭር ነው።”

እናቷ ልጅ ሆነው ሲነቀሱ መርፌውን ሸሹ። ነቃሿ ተቆጥታ ሳትጨርስ ተወቻቸው። የአንድ ቀን ፍርሃት፣ ዕድሜ ልክ ግንባር ላይ። እኔ ደግሞ አስተካከልኩት።

ጥቅምት 11፣ ሰኞ

ጋሽ ይስማው ቤት። ፎቶውን መስኮቱ ጋ ወስደው በማጉያ መስታወት አዩት፣ ረጅም ጊዜ። የካሜራው ጥፋት ነው አልኳቸው። አልተቀበሉኝም። እሳቸውም ፊልሙን በእርሳስ እየነካኩ ስንቱን ጠባሳ አጥፍተዋል፤ ካሜራቸው የእንጨት ስለሆነ ጻድቅ አልነበሩም። “ብቻ የማጠፋውን መጀመሪያ አየዋለሁ” አሉ። ከዚያ ስለ ሌላ ነገር አወሩ።

ስወጣ ለስላሳ እርሳሳቸውን ሰጡኝ። ይሣሉልኝ ብዬ ነበር የሄድኩት። እጃቸው ግን በእርጅና ይንቀጠቀጣል።

ጥቅምት 12፣ ማክሰኞ፣ 10፡00

ተዝካሩ እሑድ ነው። አንድ ነገር ወሰንኩ፦ እኔ አልሥልም። እንደገና አተምኩት፣ መስቀል የሌለበትን። የሺ ስትመጣ እርሳሱን ለራሷ ሰጠኋት። እርሳስ ከተማሪነቴ ወዲህ አልጨበጥሁም አለች። ተቀመጠች።

ምላሷን ነክሳ ትሥላለች። ቀጥ ያለው መስመር። ቀኝ ክንዱ። ግራው፣ አጭሩ፣ ጫፉ ላይ ትንሽ የተንሸራተተ። እጇ አላመነታም። ያ ግንባር አሁን የሰው ግንባር ነው።

ፎቶውን ከፊቷ አራቀችው። አየች። ጉንጩን በጣቷ ነካችው፤ ከዓይኑ ሥር፣ ከአፉ ዳር፣ የዕድሜ መስመር መኖር የነበረበት ቦታ ሁሉ። ጣቷ ምንም አላገኘም።

“መስቀሉስ መጣ” አለች። “አሁን እናቴን አምጭ።”

ነጠላዋን አጣፍታ፣ ፎቶውን ሳትወስድ ወጣች። ፎቶው ጠረጴዛው ላይ ነው። በሩ ተዘጋ።