የክላቭዲያ ቲማቲምና የእንግሊዙ ቤት

ወንድሜ አንዷለም፣

ከአለቃዬ ከዚናይዳ ልቮቭና ጋር ለትርጉም ሥራ ፐርም የምትባል የሩሲያ ከተማ መጥተናል። ክላቭዲያ የምትባል ሴትዮ እንግሊዝ አገር የሞተው ወንድሟ ቤቱን ለልጁ ለኡሊያና እንድትጠብቅ ተናዞላታል። ሌላ ሰው ኑዛዜውን ሲተረጉመው ግን «ትረስት» የሚለውን የሕግ ቃል ስቶ ቤቱን የእሷ አደረገው። በደስታ ስታለቅስ ደረስን።

«ይስሙኝ የኔ እመቤት» አለቻት ዚናይዳ። «ድሮ እንግሊዞች ሲዘምቱ መሬታቸውን ለወዳጅ ሰጥተው ይሄዱ ነበር። በሕግ የወዳጅየው ነው፣ በኅሊና ግን የልጆቻቸው። እኛ ሕግ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ስለሌለ ነው ተርጓሚው የተሳሳተው።»

«ጎረቤቴ አገር ቤት ስትሄድ የጓሮዋን ቁልፍ እንደምትተውልኝ?» አለች ክላቭዲያ።

«እንደሱ!»

«እኔ እኮ ቲማቲሟን እበላለሁ!»

«ቲማቲሙን ይብሉ። ይሄ ግን አይበላም!»

እንባዋን ጠረገች። «እንግዲያው ወንድሜ ጣሪያው ያፈሳል ብሎኝ ነበር። ልጅቷ ሳትገባበት ላሳድሰው።»

ዚናይዳ ለዚያች «ትረስት» ለምትል ቃል ግማሽ ገጽ ማብራሪያ ጻፈች። እኛ ብንሆን «አደራ» ብለን እንገላገል ነበር።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። የእማማ አትጠገብን ጉልበት ሳምልኝ። የላሜን ወተት ጠጣ፤ ጥጃዋ ግን የልጄ የማክዳ ናት። አደራህን!

ያንተው ይርጋ