ብልጭታ እንዲያመርት ስለታዘዘው ፕላስቲክ

ለተከበሩ የምርምር ተቋሙ ዋና ዳይሬክተር፣

ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የማይነቃነቅ ይሁን እያልኩ፣ ከሁሉ አስቀድሜ በታላቅ ጸጸት አንድ ኃጢአት እናዘዛለሁ፤ ባለፈው እናቴን ልጠይቅ ስመጣ ከስብሰባ ጠረጴዛዎ ላይ አንድ ብስኩት አንስቻለሁ። የቀሩትን ያነሳሁት ብቻውን እንዳይከፋው ብዬ ነው።

እናቴ፣ እርስዎ "ያቺ ፕላስቲክ የምታቀልጠው" የሚሏት ኬሚስት፣ ዓመታት የለፋችው አንድ ልዩ ብረት የተቀላቀለበት ፕላስቲክ ለመሥራት ነው። ከብረቱ አቶሞች አንዷ ስትፈርስ ፕላስቲኩ ብልጭ ይላል፤ እንዲህ ያለው መፍረስ ግን እጅግ ብርቅ ነው። ብረቱ ሲገባበት እንደ ወተት እየነጣ ሲያስለቅሳት ኖሮ፣ በመጨረሻ እንደ መስታወት የጠራ አንድ ጡብ ወጣላት። የነጡት ሁሉ በር ማቆሚያ ሆነዋል። እንግዲህ ቅሬታዬን በትሕትና አቀርባለሁ።

፩. "ብርቅ" ማለት ቶሎ ቶሎ የማይመጣ ማለት መሆኑን የነገረዎት ሰው ስላልነበረ፣ ጡቡ በሳምንት ሃያ ብልጭታ እንዲያስመዘግብ ዕቅድ ስላወጡለት እናመሰግናለን። ሳያሟላ ሲቀር የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ የጻፉት ለራሱ ለፕላስቲኩ መሆኑም ሰውና ዕቃ እንደማያበላልጡ ያሳያል።

፪. የውጭ ጨረር እንዳያሳስተው ዙሪያውን የተደረደረውን የእርሳስ ማዕድን ግንብ "እንግዳ በምን ሊያየው ነው?" ብለው ስላስነሱ፣ በምትኩም ለእንግዶቹ የሙዝ ዘለላ ስላስቀመጡ ምስጋናችን ወሰን የለውም። ሙዝ በተፈጥሮው ጥቂት ጨረር አለውና የጡቡን ብልጭታ የሚቆጥረው መሣሪያ መቁጠር ጀመረ። እናቴ "ክቡር ዳይሬክተር፣ የሚቆጥረው እኮ ሙዙን ነው" ብትልዎት፣ "አየሽ! ሥራ እኮ ክትትል ነው የሚፈልገው!" ብለው አጨበጨቡ።

፫. እዚህ ላይ መቀለድ አቃተኝ። ለዚህ ድል መታሰቢያ ጡቡ ነገ ተቆራርጦ ለእንግዶች የቁልፍ መያዣ እንዲሆን አዝዘዋል። ሌላ የጠራ ጡብ የለም። እናቴ ትናንት እራት ላይ ማንኪያዋን እንደያዘች ቀረች። ስታኮርፍ አውቃታለሁ፤ ይሄ ግን ማኩረፍ አይደለም። እባክዎ ይተዉላት። ለእንግዶችዎ ሙዙን ያካፍሏቸው፤ ግኝቱ የእሱ ነው።

የመልካም ፈቃድዎን ብልጭታ በዓመት አንዴም ቢሆን በትዕግሥት የምትጠባበቅ፣

የኬሚስቷ ልጅ፣ ቁንጫ

ከፊርማ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ነገ የተቋሙ መጋዝ ከቦታው ቢታጣ ሠራተኞችዎን አያስጨንቁ፤ አጣሪ ኮሚቴ ያቋቁሙ። ኮሚቴው ተሰብስቦ እስኪስማማ ጡቡ ያረጃል። እኔ በበኩሌ ስለ መጋዝ የማውቀው ነገር የለም። አሁን እናቴ ክፍሌን እየጠረገች ነው፤ መጥረጊያው አልጋዬ ሥር የሆነ ነገር ነካ መሰለኝ፣ ብረት ብረት የሚል ድም...

"ቁንጫ! አንቺ ቁንጫ! ነይ እስቲ ወዲህ፣ ይሄ የማን መጋዝ ነው?"