የሁዳዴው ብስኩት

ቦንጋ፣ መጋቢት 12 ቀን 2001 ዓ.ም.

ውድ ህይወት፣

ይህን ደብዳቤ ዋጫ ድረስ የምታደርስልኝ የመሥሪያ ቤታችን ሴት ናት። ሦስት ቦታ በፕላስተር ያሸግኩት እሷ እንዳትከፍተው ነው፤ መቼም ታውቂኛለሽ። ተቀዶ ከደረሰሽ እሷ ናት።

ሁለት ዓመት ሙሉ ዝም ብዬሽ ዛሬ «እንደምን ሰነበትሽ» ለማለት እጄ አልታዘዝ አለኝ። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ብስኩቱ ልግባ።

አንቺ ከማሰልጠኛ በወጣሽ ዓመት አንደኛ ክፍል ስታስተምሪ፣ እኔ ከደብረ ማርቆስ ተመድቤ መጥቼ መዝገብ ቤት ስቀመጥ፣ እትዬ ፀዳለ ግቢ ሁለት ክፍል ጎን ለጎን ተከራየን። ማድቤታችን አንድ ነበር። ብስኩት ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። ኦቨን የት አባቱ! ብረት ድስት ውስጥ አሸዋ አንጥፈሽ፣ ትሪውን አስቀምጠሽ፣ ክዳኑ ላይ ፍም ትቆልይበት ነበር። ሊጡን በሻይ ብርጭቆ አፍ እየቆረጥን፣ በሹካ ወጋ ወጋ እያደረግን፣ ኮረሪማውን አንቺ እየወቀጥሽ፣ ቅዳሜያችን እንዲሁ ያልቅ ነበር። «እትዬ በዛ፣ እሳቱ ላይ አትቸኩዪ» ትዪኝ ነበር። እኔ ደግሞ እቸኩልና አሳርራለሁ።

በሁዳዴ እንቁላልና ወተቱን ትተን በዘይት እንሠራ ነበር። አንቺ ፕሮቴስታንት ብትሆኚም ለእኔ ስትዪ አብረሽኝ ትሠሪያለሽ። ግን ይደርቃል፤ ጥርስ ይፈትናል። የ1999 ሁዳዴ ሲገባ እኔ ጅማ ለስልጠና ሄጄ አንድ ቆርቆሮ ማርጋሪን ገዛሁ። ባለሱቁ «ከዘይት ነው የሚሠራው፣ የጾም ነው» አለኝ። በእሱ ያቦካነው ብስኩት አፍ ውስጥ ጥፍት አለ። ደስ ብሎኝ ለመሥሪያ ቤት ሰው አደልኩ፣ ለነፍስ አባቴም አንድ ሳህን ሙሉ ይዤ ሄድኩ።

መምሬ ወልደ ጊዮርጊስ ሁለቱን በልተው ሦስተኛውን አነሱና ቆም አሉ።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር ቅቤ ቅቤ አይልም እንዴ?»

«ኧረ አባቴ፣ የጾም ነው!» ብዬ ሳቅኩ። መንገድ ላይ ግን ሳቄ ጠፋ። ቆርቆሮው የጾም ነው። እኔ ምንም አልጨመርኩም። ታዲያ ማን ቀረ? አንቺ ቀረሽ።

ከዚያ ወዲያ ዓይኔን ከአንቺ ላይ አላነሳሁም። ከገበያ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ነገር ይዘሽ ስትገቢ አየሁሽ፤ ቅቤ ነበር፣ ከሩቅ ይሸታል። ወደ ማድቤት ሳታመጪው በቀጥታ ክፍልሽ አስገባሽው። በርሽን ዘግተሽ ብቻሽን ትበያለሽ። ድሮ አብረን አልነበር የምንበላው? ምን ብትደብቀኝ ነው አልኩ። ሊጥ ስታቦኪ እጅሽን ለማሽተት ስል «እስኪ ቀለበትሽን አሳዪኝ» ያልኩሽ ትዝ ይልሻል? ሲያሳፍር! እትዬ ፀዳለም «እነሱ እንደኛ አይጾሙም፣ ምን ቸገራት?» ብላ እሳቱን ቆሰቆሰችልኝ።

እሁድ ጠዋት ማድቤት ውስጥ ያዝኩሽ። «ህይወት፣ እውነቱን ንገሪኝ። ብስኩቱ ውስጥ ቅቤ ጨምረሻል አልጨመርሽም?»

«ምን ሆነሻል፣ እትዬ በዛ?» አልሽኝ። መምሬ ያሉትን ነገርኩሽ። ያን ጊዜ ቆርቆሮውን ከመደርደሪያው አወረድሽ። ገለበጥሽው፣ ቆየሽበት። ዓይኔን ላለማየት ነው ብዬ ጠረጠርኩ። ከዚያ መልሰሽ አስቀመጥሽው።

«አዎ፣ እኔ ነኝ፤ ትንሽ ቅቤ ጨምሬበት ነበር። ይቅር በዪኝ» አልሽ።

ያልኩሽን ሁሉ እዚህ አልደግመውም። «ካህን አስገደፍሽኝ» ብዬ ጮኽኩ፣ ግቢው ሁሉ ሰማ። ለመሥሪያ ቤት ሰውም፣ ለእድርተኛውም ያወራሁት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ በሰፈሩ ለቅሶ ቤት እንኳ አንቺ ያቀረብሽውን የሚነካ ጠፋ። ሰኔ ላይ ዝውውር ጠይቀሽ ዋጫ ገባሽ። እኔም «ሌባ ሸሸች» አልኩ።

ባለፈው ሳምንት ያንኑ ዓይነት ቆርቆሮ እዚሁ ቦንጋ አገኘሁና ገዛሁ። ቢሮ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬው ሳለ አቶ ልዑልቃል፣ የፕላን ክፍሉ፣ አንስቶ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ደቃቅ ጽሑፍ ያነብ ጀመር። «እትዬ በዛወርቅ፣ እርስዎ እየጾሙ አይደል? ይሄ እኮ ወተት አለበት» አለኝ።

ህይወት፣ የአውቶቡስ ትኬት እንኳ ሁለቴ የምቆጥር፣ ማንንም አላምንም እያልኩ የምኮራ ሴት፣ ያን ቆርቆሮ ገልብጬ አላየሁትም። አንቺ አየሽው። መምሬንም ሰዉንም ያስገደፍኩት እኔ መሆኔን አንብበሽ፣ ስሜን በስምሽ ሸፈንሽው። ቅቤውንም ቢሆን ክፍልሽን ዘግተሽ የምትበዪው እኔ እየጾምኩ እንዳታስጎመዢኝ ብለሽ ነበር። ይሄን እንኳ ለማሰብ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ።

ለመምሬ ተናግሬያለሁ፤ ስግደት ሰጥተውኛል። ትናንት እድሩ ሲሰበሰብ ተነስቼ «ብስኩቱን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ ህይወት ንጹሕ ናት» አልኩ። እትዬ ፀዳለ መሬት መሬት አየች። አንዳንዱ አላመነኝም መሰለኝ፤ ይገባኛል፣ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ።

አንድ ነገር ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ያን ቀን እውነቱን ያልነገርሽኝ እኔን አዝነሽልኝ ነው? ወይስ ብትነግሪኝም እንደማላምንሽ አውቀሽ? የመጀመሪያው ከሆነ ዕድሜ ልኬን አመሰግንሻለሁ። ሁለተኛው ከሆነ ደግሞ ልክ ነበርሽ፤ አላምንሽም ነበር።

የፈለግሽውን መልሺልኝ። ከእንግዲህ ወዲህ አላይሽም ብትዪኝም መብትሽ ነው። ብቻ የምትዪኝን ሁሉ፣ ማንንም ሳልጠይቅ፣ አምንሻለሁ።

ያሳዘነችሽ እህትሽ፣
በዛወርቅ