የመሬት ስበትን በትእዛዝ ላስተካከሉት ለዶክተር ማንጉባት

ለተከበሩ ዶክተር ሲሴናንዶ ማንጉባት፣
የፊዚክስ ትምህርት ክፍል ኃላፊ፣ የቤተ ሙከራው ባለአደራ፣ የመስታወቱ ቁም ሳጥን ቁልፍ ብቸኛ ያዥ፤
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለደም ግፊትዎ፣ ዝናብ በመጣ ቁጥር ለሚጠዘጥዝዎት ጉልበትዎም ጭምር የሚገባውን ሰላምታ በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ። ሰሞኑን በከተማችን በባታንጋስ ላይ ያለ እረፍት የጣለው ዝናብ የቢሮዎን ምንጣፍ እንዳልነካው ተስፋ አደርጋለሁ። የቤተ ሙከራውን ጣሪያ አልፎ ጠረጴዛዎቻችን ላይ ወርዷል፤ ነገር ግን እርስዎ ወደዚያ እምብዛም ስለማይወርዱ ይህ ሊያሳስብዎ አይገባም።

ስሜ ቤንቬኒዶ ማራሊት ይባላል። ባያስታውሱኝ አልቀየምም፤ በክፍልዎ ውስጥ ፀጉሩ የሸበተው ብቸኛው ተማሪ እኔ ነኝ። ለዓመታት በዕቃ ጫኝ መርከቦች የሞተር ክፍል ውስጥ ከሠራሁ በኋላ ነው ምህንድስና ልማር የመጣሁት። ልጆቹ ታላቅ ወንድማችን ለማለት «ኩያ» ይሉኛል። እርስዎ ግን ትምህርት በተጀመረበት ቀን ከበሩ ላይ አስቁመው «አባት፣ የወላጆች ስብሰባ በሚቀጥለው ሳምንት ነው» ብለውኝ ክፍሉን በሳቅ አፈረሱት። ያን ዕለት ሳላመሰግንዎ ስለቀረሁ ዛሬ አመሰግናለሁ፤ በሴሚስተሩ ውስጥ ለተማሪ የገባው ብቸኛው ነገር እሱ ነበርና።

አቤቱታዬን በቅደም ተከተል እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

አንደኛ። ኮርሱ በካልኩለስ ላይ የተመሠረተ ፊዚክስ ይባላል፤ ስሙ ያማረ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር በኢንተግራል ሞሉት። የሒሳብ መምህራችን በዚያ ሰዓት ገና ሊሚት ምን እንደሆነ እያስረዱን ስለነበር ከኢንተግራል ጋር ማንም አላስተዋወቀንም። ጆማር የሚባለው ልጅ እጁን አውጥቶ «ሰር፣ ያቺ እንደ መንጠቆ የተጠማዘዘችው ምልክት ምንድን ናት?» ብሎ ሲጠይቅዎ፣ ወደ ሰሌዳው እንደዞሩ «እሷን የማያውቅ ሰው እዚህ ምን ይሠራል?» በማለት አጥጋቢ መልስ ሰጡት። ጆማር ምክርዎን ሰምቶ በሳምንቱ ወደ ሆቴል አስተዳደር ተዛወረ። ለእኔ የምልክቷን ትርጉም የነገረችኝ ወደ ቤት ስንሄድ በሕዝብ ማመላለሻው ጂፕኒ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ሮዳሊን ዲማኩላንጋን የምትባል የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። «ኩያ፣ እሷ እኮ መደመር ናት» አለችኝ። «በጣም በጣም ትንንሽ ነገሮችን መደመር። በቃ፣ ሌላ ምንም የለም።» እርስዎ በሦስት ሳምንት ያላስረዱንን እሷ ከገበያው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ባለው መንገድ ጨረሰችው። ስለ ልጅቷ ከዚህ በታች ብዙ ስለምል ስሟን ልብ እንዲሉልኝ እለምናለሁ።

ሁለተኛ። በቤተ ሙከራው ግድግዳ ላይ ስላለው የመስታወት ቁም ሳጥን ነው። በውስጡ አዳዲስ መሣሪያዎች ከነላስቲካቸው ተደርድረዋል። ለምን እንደማንሠራባቸው ስንጠይቅ «ትሰብሯቸዋላችሁ» አሉን። ልክ ነዎት። ማንም ያልነካው ዕቃ አይሰበርም፤ ማንም ያላስተማረው ተማሪም አይሳሳትም።

ሦስተኛ። ለመጻፍ ያስነሣኝ ይህ ነው።

ሙከራው ቀላል ነበር። የብረት ኳስ ከላይ ሲለቀቅ ሰዓቱ ይነሣል፤ ኳሱ ከታች ያለውን ሳህን ሲመታ ሰዓቱ ይቆማል፤ ከከፍታውና ከጊዜው ተነሥቶ የስበቱን መጠን ማስላት ነው። መጽሐፉ ዘጠኝ ነጥብ ስምንት ይላል። የእኛ አሥራ አንድ ነጥብ ሁለት ወጣ። ደጋግመን ብንሞክርም እዚያው ቁጥር ዙሪያ ሆነ። የቡድናችን ቀልደኛ አርቪን «ምድር ዛሬ በእኛ ላይ ተቆጥታለች» አለ። ሮዳሊን ግን አልሳቀችም። ስልኳን አውጥታ ከሰዓቱ ጎን አስቀመጠችና ሁለቱን እኩል አስነሣቻቸው። ስልኩ አንድ ደቂቃ ሲሞላ ያ የተከበረ ሰዓትዎ ገና ሃምሳ ስድስተኛው ሰከንድ ላይ ነበር።

«አያችሁ?» አለች ፊቷ እየበራ። «ኳሱ አይደለም የቸኮለው፤ ሰዓቱ ነው የሚያዘግመው።»

በሪፖርቱ ላይ ያገኘነውን ቁጥር እንዳለ ጻፈች። ከሥሩ ሰዓቱ ምን ያህል እንደሚዘገይ አሳየች፤ መዘግየቱ ሲታረም ውጤቱ ዘጠኝ ነጥብ ስምንት ላይ እንደሚያርፍም አሰላች። እኔ ፊዚክስ ማለት ይህ ይመስለኝ ነበር። እርስዎ ግን በማግስቱ ወረቀቱን በሁለት ጣት አንጠልጥለው በክፍሉ ፊት አቆሟት።

«ይህ ምንድን ነው?»

«የለካነው ነው፣ ሰር።»

«በዚህ ሕንፃ ውስጥ የመሬት ስበት ዘጠኝ ነጥብ ስምንት ነው።»

«አዎ ሰር፣ ሰዓቱ ነው እንጂ...»

«ሰዓቱን የመረጥኩት እኔ ነኝ! ሂጂና አስተካክለሽ አምጪ።»

«ምኑን ላስተካክል ሰር? ሰዓቱን?»

በቅንነት ነበር የጠየቀችው፤ ክፍሉ ግን ሳቀ። እርስዎም የሳቁትን ሁሉ ትተው እሷን ብቻ በዓይንዎ ለዩና «ቁጥሩን!» አሉ። ስለ ሳይንሳዊ ዘዴ ከዚህ ያጠረ ማብራሪያ ሰምቼ ስለማላውቅ ከልብ አመሰግናለሁ።

ያን ዕለት ከክፍል ስንወጣ ደረጃው ላይ ተቀመጥን። አርቪን «ሮዳ፣ አትድረቂ» አላት። «ቁጥሩን ቀይሪውና ሄደን ሉምፒያ እንብላ። ከእኛ በፊት ያለፉት ተማሪዎች ሁሉ ያደረጉት ይህንኑ ነው።»

«ከቀየርኩት ታዲያ ምን ለካሁ?»

«ማንም የለካ የለም እኮ! አንቺ ብቻ ነሽ።»

ሮዳሊን የምትማረው ከተማዋ በሰጠቻት ድጎማ እንደሆነና አንድ ኮርስ ከወደቀች ድጎማው እንደሚቋረጥ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ቤተ ሙከራን የወደቀ ደግሞ በደንብዎ መሠረት ሙሉ ኮርሱን ይወድቃል። ሮዳሊን ወደ እኔ ዞራ «ኩያ፣ አንተስ?» አለችኝ።

ክቡር ዶክተር፣ እርስዎ መርከብ ላይ ሠርተው ስለማያውቁ ልንገርዎ። በአንድ መርከባችን ላይ የእንፋሎቱን ግፊት የሚያሳየው መለኪያ ተበላሽቶ ነበር። ዋናው መሐንዲስ የተለመደውን ቁጥር ብቻ ማየት ስለሚወድ ተረኛ የነበረው ሁሉ የተለመደውን ቁጥር ጻፈ። ቧንቧው ሲፈነዳ አጠገቡ የነበረው ጓደኛዬ ፕላሲዶ ነው። በሕይወት አለ፤ ልጆቹ ግን ከሆስፒታል ሲመለስ በድምፁ ነው ያወቁት። ይህን ለሮዳሊን ነገርኳትና «ስሜን ከስምሽ አጠገብ ተዪው» አልኳት። አርቪንና አራተኛው የቡድናችን አባል ስማቸውን ፍቀው ሌላ ሪፖርት አስገቡ። እነሱ ዘጠና ስምንት አገኙ። እኛ ዜሮ አገኘን። እነሱን አልወቅስም፤ የወላጅ ፊት እየታያቸው ነው።

አራተኛ ብዬ የምቆጥረው ከአቤቱታ ይልቅ ውለታ ይመስለኛል። የእውቅና ገምጋሚዎች የሚመጡ ቀን ኮሪደሩ ተቀባ፤ ከአጎራባች ትምህርት ክፍል አበባዎች በውሰት መጡ፤ ያ ቁም ሳጥንም ተከፈተ። ላስቲኩ ሲቀደድ ያሰማው ድምፅ እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለ። በእንግዶቹ ፊት ሙከራ የሚሠሩ ተማሪዎች ሲመርጡ እንግሊዝኛዋ ጥሩ ነው ተብሎ ሮዳሊንን ጠሯት፤ ዜሮ የሰጧትን ልጅ መልክ አላስታወሱትም ነበር። እኔም ዕቃ እንዳነሣ ተጠራሁ።

አዲሱ መሣሪያ አልበራም። ጫኑት፣ ገለበጡት፣ መቱት፤ አልበራም። ግንባርዎ ላይ ላብ እየወረደ፣ ጎንበስ ብለው «ዘጠኝ ነጥብ ስምንት ብላችሁ ጻፉ፣ ቶሎ!» ሲሉ ሰማሁ። አንዱ ልጅ ጻፈ። ከገምጋሚዎቹ መካከል ማም ፑሪፊካሲዮን የሚባሉ በምርኩዝ የሚሄዱ አዛውንት ፕሮፌሰር ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ ስንት አገኛችሁ?» ብለው ሮዳሊንን ጠየቁ።

«ምንም አላገኘንም፣ ማም። መሣሪያው አልበራም።»

«ታዲያ ይህ የተጻፈው?»

«እሱ ከመጽሐፉ ነው።»

እርስዎ ሳቁና «ልጅቷ እንግዳ ስታይ ትደነግጣለች» አሉ። ማም ፑሪፊካሲዮን ክፍሉን ዞር ዞር ብለው አዩና «እዚህ ውስጥ የደነገጠ ሰው ያየሁት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ልጅቷ አይደለችም» አሉ። ከዚያ ወደ እሷ ተመልሰው «አንቺ ራስሽ ለክተሽ ታውቂያለሽ?» አሏት።

«አዎ፣ ማም። አሥራ አንድ ነጥብ ሁለት።»

«ለምን?»

ክቡር ሆይ፣ በዚህ ኮሌጅ ውስጥ ስለ አንድ ቁጥር «ለምን» ተብሎ ሲጠየቅ የሰማሁት ያን ዕለት ብቻ ነው። ሮዳሊን አሮጌውን ሰዓት ከመደርደሪያው አወረደችና ከስልኳ ጎን አስነሣችው። አዛውንቷ በርጩማ ስበው ተቀመጡ፤ ሁለት እጃቸውን ምርኩዛቸው ላይ አድርገው ደቂቃዋ እስክትሞላ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ጠበቁ። ሰዓቱ ሃምሳ ስድስት ላይ ሲደርስ «በይ፣ አሁን አስረጂኝ» አሉ። አስረዳች። «ጥሩ ሥራ ነው» አሉና ተነሡ። እርስዎ በዚህ ሁሉ ጊዜ አበባ ሲያስተካክሉ ነበር።

ነገሩ እንዴት እንዳለቀ ከእኔ የተሻለ ያውቁታል፤ ይህን ለሚያነቡ ሌሎች ስል ልጻፈው። ኮሌጃችን እውቅናውን አገኘ፤ «የቤተ ሙከራ መሣሪያዎች ቢፈተሹ መልካም ነው» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ተጨምሮበት። ለደስታው አሳማ ተጠብሶ ንግግር አደረጉ። ዜሮው ይታረምልን ብለን ስንመጣ «የእንግዳ አስተያየት ውጤት አይቀይርም» አሉን። የሮዳሊን ድጎማ ተቋረጠ። አሁን እስከ ቀትር በአክስቷ ምግብ ቤት ፓንሲት ታቀርባለች፤ ከቀትር በኋላ ትማራለች። ስታለቅስ ያየኋት አንድ ጊዜ ነው፤ ጂፕኒ ውስጥ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ። «ኩያ፣ ተሳስተሻል ብለው ቢጥሉኝ ይሻለኝ ነበር» አለችኝ። «ልክ መሆኔን እያወቁ ነው የጣሉኝ።» ለዚህ መልስ ካለዎት ወደ ምግብ ቤቱ ጎራ ብለው ይንገሯት፤ እሷ አሁንም «ሰር» ብላ ቆማ ነው የምታስተናግድዎ።

እንግዲህ ክቡርነትዎን ላመስግንና ላብቃ። የማያውቀውን ለጠየቀ ልጅ በሩን ስላሳዩት አመሰግናለሁ። አንድ ሰው እውነቱን በመናገሩ ስንት ዓመት ሊቀጣ እንደሚችል በተግባር ስላስተማሩን አመሰግናለሁ። ከሁሉ በላይ፣ ከእነዚህ ክፍሎች ወጥተው ድልድይ የሚሠሩ መሐንዲሶች መጽሐፉ የሚለውን ብቻ እንዲጽፉ ስላሠለጠኑልን፣ በድልድዮቹ ላይ በሚያልፈው ሕዝብ ስም እጅ እነሣለሁ።

ለከፍተኛ ሥልጣንዎ ዝቅ ብዬ፣ ለዕውቀትዎ ግን በልኩ ብቻ በመስገድ፣ ዕድሜና ጤና፣ ከተቻለም ጥቂት የማወቅ ፍላጎት እንዲሰጥዎ የምመኝ፣
ዜሮ ያገኘው ታዛዥ ተማሪዎ
ቤንቬኒዶ ማራሊት

ማስታወሻ፦ በሚቀጥለው ሴሚስተር ኮርሱን የምንደግመው ሮዳሊንና እኔ ብቻ እንደሆንን ገምተው እንደሆነ፣ ከመዝጋቢው ቢሮ የሰማሁትን ላካፍልዎ። አርቪን ዘጠና ስምንቱ እንዲሰረዝለትና ሙከራውን እንደ አዲስ እንዲሠራ በራሱ እጅ ጽፎ አመልክቷል። ጸሐፊዋ «ልጄ፣ አብደሃል?» ስትለው «አላበድኩም፣ አልለካሁም ነበር እንጂ» አላት። ከኋላው ለዚሁ ማመልከቻ የቆመው ሰልፍ ከቢሮው ወጥቶ ወደ መንገዱ ደርሶ ነበር፤ ሁሉም የእርስዎ ተማሪዎች ናቸው፤ ሁሉም ያለፉ ናቸው። ሁላችንም ያገኘነውን ብቻ ለመጻፍ ስለተስማማን ለሁላችን የሚበቃ ዜሮ ከወዲሁ ቢያዘጋጁ መልካም ነው። ካልሆነም ወደ ቤተ ሙከራው ወርደው አንድ ጊዜ አብረውን ቢለኩ ቦታ እንለቅልዎታለን።