ዳቦ ቤት ሄደው ይቅርታ የጠየቁት ዳኛ የሕይወት ታሪክ

አባታችን በመጋቢት ወር 1941 ዓ.ም. ከአናጢ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው ተወለዱ። ከስምንት ልጆች አራተኛው ስለነበሩ ዳኝነትን የለመዱት ከመጽሐፍ ሳይሆን በአንድ ብርድ ልብስ ከሚጓተቱ ወንድሞቻቸው ነው። በ1964 ዓ.ም. በሕግ ተመረቁ፤ ለጥቂት ዓመታት በፍርድ ቤት ሬጅስትራርነት ሠርተው ዳኛ ሆነው ተሾሙ። ነገር ሳያጣሩ ስለማይቸኩሉ ጠበቆች «ዳኛ ቆይ እስቲ» ይሏቸው ነበር፤ እርሳቸውም ሰምተው እንዳልሰሙ ያልፉ ነበር።

በ1969 ዓ.ም. ልብስ ሰፊዋን እናታችንን አግብተው ሦስት ልጆች ወልደው ለወግ ለማዕረግ አብቅተዋል። በችሎት ያነበቡትን ውሳኔ እራት ላይ ለእናታችን በተራ ቋንቋ መንገር ልማዳቸው ነበር። እናታችን ካልገባቸው አባታችን እንቅልፍ አይወስዳቸውም ነበር።

ፍርድ ቤት በፖለቲከኞች ጠብ እጁን ማስገባት የለበትም ብለው አጥብቀው ያምኑ ነበር። «ፖለቲከኛ ስንፈርድለት ዳኛ ይለናል፣ ስንፈርድበት ጠላት» ይሉ ነበር። በዚህ እምነታቸው፣ ምርጫ ሲቃረብ ስሟ ከመራጮች መዝገብ የተሰረዘባት አንዲት የዳቦ ቤት ሠራተኛ ያቀረበችውን አቤቱታ፣ የፖለቲካ ጉዳይ ነው ብለው ሳያዩት መለሱ። ያን ቀን እናታችን ከስፌታቸው ቀና ብለው፣ «ፖለቲከኞቹስ ምክር ቤት አላቸው፤ እሷ የት ትሂድ?» አሏቸው። ምርጫው አለፈ፤ ሴትዮዋም ሳትመርጥ ቀረች።

ከአራት ዓመት በኋላ ለሁለት የተከፈለ አንድ ፓርቲ ሊቀመንበሩ ማን እንደሆነ ፍረዱልን ብሎ መጣ። በዚያው ሰሞን ስማቸው የተሰረዘ አሥራ ሰባት መራጮች አቤት አሉ። አባታችን የፓርቲውን ክስ «መሪያችሁን ራሳችሁ ምረጡ» ብለው ዘጉት፤ የመራጮቹን ግን ተቀብለው ስማቸው እንዲመለስ አዘዙ። በውሳኔውም ላይ የዳቦ ቤት ሠራተኛዋን አቤቱታ ሳያዩ መመለሳቸው ስሕተት እንደነበር በግልጽ አሰፈሩ። አንድ ባልደረባቸው «ገመናህን በገዛ እጅህ ታወጣለህ?» ብለው ተቆጡ። እርሳቸው ግን ግልባጩን ይዘው ዳቦ ቤቱ ድረስ ሄዱና ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ እያየ ይቅርታ ጠየቋት። ሴትዮዋ የእጇን ዱቄት አራግፋ ወረቀቱን እስከ መጨረሻው አነበበች። «ቢዘገዩም መጥተዋል፤ ሌላው እኮ ጭራሽ አይመጣም» አለቻቸው።

ውሳኔው አለቆቻቸውን ስላስቆጣ ከችሎት ተነሥተው መዝገብ ቤት ገቡ። እስከ ጡረታቸው ድረስ የተቀደዱ ፋይሎችን በትዕግሥት ሲያያይዙ፣ አንድም ቀን ሲያማርሩ አልሰማንም። እንዲህ ያለ አባት ስለሰጠን ፈጣሪን እናመሰግናለን።

ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ሁለት ዓመት ሲታከሙ ቆይተው፣ ሰኔ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ75 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና አምስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው አልፈዋል። ላስታመሟቸው ሐኪሞችና በሕመማቸው ወራት በየሳምንቱ እየመጣች ስታጫውታቸው ለነበረችው ለዳቦ ቤቷ እኅታችን ምስጋናችን ከልብ ነው።

አባታችን ይቅርታ ለመጠየቅ አራት ዓመት ዘግይተዋል፤ የምሕረት አምላክ ግን ምሕረቱን አያዘግይባቸው።