ቱርቦ የሌለው ሞተር ጥፋት የለበትም

ለታናሽ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ፣ ያ የማይለቅህ የወገብ ሕመምስ? መልሱን ፈልጌ አይደለም የምጠይቅህ፤ እማማ ደብዳቤ ያለ ሰላምታ አይጀመርም ብላ ስላሳደገችን ነው። እኔ ደህና ነኝ። ጋራዡም ደህና ነው። ደብዳቤህ እስከደረሰኝ እስከ ትናንት ማክሰኞ ድረስ እንቅልፌም ደህና ነበር።

ለነገሩ ደብዳቤ ልበለው? በመሥሪያ ቤትህ ወረቀት፣ በኮምፒውተር ተጽፎ፣ «ጉዳዩ፦ የሞተር ምርጫ ስህተትን ይመለከታል» ተብሎ ከሥሩ ተሰምሮበት፣ ግርጌው ላይ ደግሞ «ግልባጭ፦ ለእናታችን»። ለገዛ ወንድምህ! ማኅተም መምታት ብቻ ነው የቀረህ። እማማ መነጽሯን አድርጋ ሁለት ጊዜ አንብባው ስታበቃ ደወለችልኝና ግልባጭ ማለት ምን ማለት ነው ብላ ጠየቀችኝ። ቅጂ ማለት ነው አልኳት። ዋናውስ ማን ጋ ነው አለችኝ። እኔ ጋ ነው ስላት ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። ስልክ አዘጋጓን ደግሞ አንተም ታውቀዋለህ።

እኔ እንዳንተ ተራ ቁጥር እየሰጠሁ መጻፍ አልችልበትም። እጄ ዘይት አያጣውምና ወረቀቱ ከቆሸሸብህ እንደለመድከው ላስቲክ አንጥፈህ አንብበው።

ያልከውን መጀመሪያ እኔው ልድገምልህ፣ አልገባውም እንዳትል። ቱርቦ ያለውን መኪና ልትገዛ ስትል ከለከልኩህ። ቱርቦ የሌለውን አስገዛሁህ። በፈተናው ዕለት ጠዋት ብርድ ነበር፤ ሞተሩ አልነሳ አለህ። ሩብ ሰዓት ሙሉ ቁልፍ ስታዞር ቆይተህ ልጅህን በሩጫ ወደ ዋናው መንገድ ይዘሃት ወጣህ፤ የመጣው ታክሲ ሁሉ ሞልቶ ያልፋል። ሰባት ደቂቃ ዘግይታ ደረሰች፣ በሩ ተዘግቶ ጠበቃት፣ የመልቀቂያ ፈተናው አመለጣት። ይኸው አሁን ደግሞ ለሚቀጥለው ዓመት አልመዘገብም፣ ሁለተኛ ፈተና የሚባል ነገር አልቀመጥም ብላለች። ምዝገባው ዓርብ ይዘጋል። ስለዚህ እኔ እሑድ እማማ ቤት መጥቼ፣ ቤተሰቡ ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር መምረጤ ስህተት እንደነበር በገዛ አፌ እንዳምን ትፈልጋለህ።

አላምንም። ብትፈልግ ሁለተኛ ግልባጭ ለፈለግከው ጻፍ።

ሞተሩን አትሳደብ። ሃያ ስድስት ዓመት ናፍጣ ሞተር ስፈታና ስገጥም ኖሬአለሁ። ቱርቦ መጥፎ ነው ብዬህም አላውቅም። ቱርቦ ማለት በሞተሩ ጭስ ግፊት የምትሽከረከር ትንሽ ማራገቢያ ናት፤ ለሞተሩ ተጨማሪ አየር ታጎርሰዋለች። ጭነት ይዞ ዳገት ለሚወጣ፣ ረጅም መንገድ ለሚሄድ ሰው ሳላመነታ ቱርቦ ግዛ እለዋለሁ። ግን ያቺ ማራገቢያ ስትግል ነው የምትውለው። ዘይቱ በጊዜው መቀየር አለበት፤ ከመንገድ ስትገባም ሞተሩ ወዲያው አይጠፋም፣ አንድ ሁለት ደቂቃ ቆሞ እየሠራ እሷ መብረድ አለባት። አንተ ሁለት ደቂቃ የምትታገሥ ሰው ነህ? አንተ እኮ መኪና ሳይቆም በር የምትከፍት ሰው ነህ! የዘይት ቀንህን ሳስታውስህ የኖርኩት እኔ፣ ስትረሳ የኖርከው አንተ። ከቤት መሥሪያ ቤት፣ ከመሥሪያ ቤት ትምህርት ቤት፣ አስነሳ አጥፋ፣ አስነሳ አጥፋ። እንዳንተ ላለ ሰው ቱርቦ የሌለው ነው ትክክሉ። ዳገት ላይ ይዘገያል እንጂ ሰው ቻይ ነው። ነገም ብትጠይቀኝ የምልህ ይህንኑ ነው፤ ስሞትም መቃብሬ ላይ ጻፉት።

ደግሞ ቱርቦውን ለምን እንደፈለግከው የማላውቅ እንዳይመስልህ። ከኋላው በቀይ የተለጠፈችው «ቱርቦ» የምትለዋ ጽሑፍ ናት ያማለለችህ። በጣትህ ስትደባብሳት አይቼሃለሁ። መሥሪያ ቤትህ በር ላይ ስታቆመው አላፊ አግዳሚው እንዲያነብልህ ነው። አይሆንም ስልህ ለሦስት ቀን አኮረፍክና እሺ አልክ።

ታዲያ የሞተሩ ዓይነት ጥፋት ከሌለበት መኪናው ለምን አልነሳም? ይህን ማንም አልጠየቀኝም፤ አንተ ፍርድ ሰጥተህ ነው የጻፍከው። እኔ ግን በሥራዬ ተሳሳትክ መባልን አልቀበልም። በዚህ ሥራ መሳሳቴን ከማምን ሌላውን ጥፋቴን ባምን ይሻለኛል። ስለዚህ ሌላውን ስማ።

ቱርቦ የሌለውን መኪና ልናይ የሄድንበትን ቅዳሜ አስታውስ። የመሥሪያ ቤትህን መኪና ይዘህ መጥተህ ጋራዡ በር ላይ ጥሩምባ ነፋህ። እኔ ያን ቀን ቱታ አልለበስኩም። ከወንድሜ ጋር መኪና ልገዛ ነው ብዬ ገላዬን ታጥቤ፣ ባለቤቴ ሸሚዜን ተኩሳልኝ፣ ለሰርግ የማወጣትን ግራጫ ጃኬት ደርቤ ነው የወጣሁት። አንተ ወረድክ፣ የኋላውን በር ከፈትክ፣ ከመቀመጫው ሥር ላስቲክ አወጣህና አነጠፍክልኝ። ቀና ብለህ እንኳ አላየኸኝም። የፊተኛው ወንበር ላይ ቦርሳህ ተቀምጧል። ላስቲኩ ላይ ተቀመጥኩ። በታጠፍክ ቁጥር ከሥሬ እየተንኮሻኮሸ እዚያ ድረስ ሄድን፤ አንተም ስለ አለቃህ እያወራህልኝ ነበር።

ስንደርስ ሻጩ፣ ያ ጡረታ የወጣው መምህር፣ ማን እንደሆንኩ ጠየቀህ። መካኒክ ይዤ መጥቻለሁ አልከው። መካኒክ ነኝ፣ አላፍርበትም፤ አንተም የተማርከው በአባታችን መፍቻ ነው። ግን ወንድሜ ነው ማለት ምን ያስከፍልሃል? ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ሆድ ባሰኝ፤ እንደ ልጅ ሆድ ባሰኝ። እሺ፣ መካኒክ ካልከኝ መካኒክ ልሁን አልኩ በልቤ። የቀን ሠራተኛ የተጠየቀውን መልሶ ይሄዳል።

አሁን ቀስ ብለህ አንብብ። ናፍጣ ሞተር እሳቱን የሚያገኘው አየሩን በኃይል ጨምቆ ነው። ውስጡ ሲያልቅ አየሩን መያዝ ያቅተዋል፤ ቀዝቃዛ ጠዋት ላይ አልነሳም ይላል። አንዴ ከሞቀ ግን ከአዲስ አትለየውም። ስለዚህ ያገለገለ ናፍጣ መኪና መታየት ያለበት ቀዝቅዞ ነው። በዋዜማው ለሻጩ ደውዬ፣ እኛ ሳንደርስ እንዳታስነሳው ብዬ ያስጠነቀቅኩት እኔው ራሴ ነኝ። መኪናው የቆመው ፀሐይ በማይደርስበት፣ ቆርቆሮ ሥር ነበር። አንተ ገብተህ መሪውን ስትነካካ እኔ መዳፌን የሞተሩ መሸፈኛ ኮፈን ላይ አሳረፍኩ።

ለብ ብሎ ነበር።

ሰውየው አሙቆ ነው የጠበቀን። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ ማሰብም አላስፈለገኝም። ለማላውቀው ደንበኛ ቢሆን ኖሮ፣ ነገ ሳይነሳ መጥተን እናየዋለን ብዬ ቁልፉን መልሼ እወጣ ነበር። ላንተ ግን አላልኩም። የዘይቱን ክዳን ከፍቼ ያለቀ ሞተር የሚተፋውን ጭስ እንኳ አላየሁም፤ እንዳላይ ፈልጌ ነው ያላየሁት። መጥተህ እንዴት ነው ስትለኝ ዓይነቱ ጥሩ ነው አልኩህ። አልዋሸሁህም፤ ዓይነቱ ጥሩ ነው። አንተም «አንተ ካልክ» አልክና ከሰውየው ጋር ተጨባበጥክ። ከደብዳቤህ ይልቅ ያቺ «አንተ ካልክ» ናት እስከ ዛሬ ድረስ የምትከነክነኝ።

ለምን እንዳደረግኩት ከጠየቅከኝ፣ እንድትቸገር ፈልጌ ነው። ሌላ ክፋት አላሰብኩም። ቀዝቃዛው ወራት ሲገባ እየተጎተትክ መጥተህ ጋራዤ በር ላይ እንድትቆምና፣ ዱሮ እንደምትለኝ ጋሼ እርዳኝ እንድትለኝ። ያኔ አንድ ሳምንት አንገላትቼህ እሠራልህ ነበር። የዛሬ ሁለት ወር እማማ ቤት ተሰብስበን፣ መኪናዋ ጠዋት ጠዋት ማስቸገር ጀምራለች ስትል ሰምቼሃለሁ። ሻይ እያማሰልኩ ነበር። ደስ አለኝ። ሻዬን ማማሰል ቀጠልኩ። የልጅቷ ፈተና መቼ እንደሆነ ትዝም አላለኝ።

ይኸው አመነ ብለህ ወረቀቱን ይዘህ ወደ ባለቤትህ እንዳትሮጥ። ቁጭ በል፣ አላለቀም።

ሊቅዬ ባለፈው ሐሙስ ጋራዥ መጥታ ነበር። ልጅህን ከሕፃንነቷ ጀምሮ እንዲህ እንደምጠራት ታውቃለህ፤ ወደ እኔ መምጣቷን ግን አታውቅም። ብቻዬን ነበርኩ፣ መኪና ሥር ተኝቼ። መጀመሪያ ያየሁት ጫማዋን ነው። ስወጣ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጣ ጥፍሯን ትበላለች። ሰውነቷ አልቋል። ላንተ ያልነገረችህን ነገረችኝ።

ከፈተናው በፊት በነበረው ሳምንት ትንንሾቹ እየጮኹ አላስጠና ሲሏት፣ መኪናው ውስጥ እየገባች ነበር የምታጠናው። አመሻሽ ላይ ጣራው ላይ ያለችውን ትንሿን መብራት ታበራለች። በዋዜማው ማጥፋቷን እርግጠኛ አይደለችም። አጎቴ፣ ባትሪውን የጨረስኩት እኔ ነኝ እንዴ ብላ ጠየቀችኝ። አንተ ሞተሩን እየረገምክ ቤት ለቤት ስትዞር፣ እሷ ይህን በሆዷ ይዛ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። አልመዘገብም ያለችው አኩርፋ እንዳይመስልህ። አባቴን ከዚህ በላይ አላስቸግረውም፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ ብላ ነው።

ባትሪ አልነበረም። ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ሩብ ሰዓት እንደዞረ አንተው በተራ ቁጥር ሦስት ላይ ጽፈሃል፤ ያለቀ ባትሪ ሞተሪኖ አንዴም አያዞርም። እኔም ደብዳቤህ ሳይደርሰኝ ይህን ከእማማ ሰምቼው ነበር። ሐሙስ ዕለት ሊቅዬ ፊቴ ተቀምጣ ስትጠይቀኝ፣ እሷ እንዳልሆነች በትክክል አውቅ ነበር።

አይደለሽም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ግን አይደለሽም ካልኳት ታዲያ ምንድን ነው ትለኛለች። እሷ ደግሞ ጠይቃ አትጠግብም። አንዱን ስመልስላት ሌላውን እያነሳች፣ ያ መዳፌ ኮፈኑ ላይ ያረፈበት ቦታ ድረስ ትወስደኛለች።

ይህን ደብዳቤ አሁን ራሴ አምጥቼ በበርህ ሥር አሾልከዋለሁ፤ ፊትህን ማየት አልፈልግም። ዓርብ ሳይደርስ ለእሷ አንብብላት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ላስቲክህንም ሳትዘል። እሑድ እማማ ቤት እመጣለሁ፤ የኮፈኑን ነገር ለሁሉም እናገራለሁ። ስለ ቱርቦ ግን አንዲት ቃል እንዳታነሳብኝ። የመኪናውን ቁልፍ ለባለቤትህ ተውላት፤ ሰኞ መጥቼ ጎትቼ እወስደዋለሁ፣ ሞተሩን አውርጄ ውስጡን አዲስ አድርጌ እመልሰዋለሁ። ይህን ላንተ ብዬ አይደለም።

አሁን የቀረኝ አንድ ነገር ነው፤ እሱን እሷ ታውቀዋለች፣ አንተ ግን አታውቀውም። ባትሪውን የጨረስኩት እኔ ነኝ እንዴ ስትለኝ፣ ሊሆን ይችላል አልኳት። እጄን በጨርቅ እየጠረግኩ፣ ዓይኗን ሳላይ፣ ሊሆን ይችላል። እሷም ተነስታ፣ ይቅርታ አጎቴ፣ በእኔ ምክንያት ሁሉም አንተን ነው የሚወቅሰው ብላኝ ሄደች።

ለባለቤትህ ሰላምታዬን አድርስ። ትንንሾቹን ሳምልኝ። ለሊቅዬ ፈጣሪ ዕድሜውን ሰጥቶ፣ የዚህን ዓመት ዕንባዋን ያስረሳት። አንተንም ቤትህን ያቁምልህ፤ ይህችኛዋን ጥርሴን ነክሼ ነው የጻፍኳት፣ ግን ጽፌአታለሁ።

የልጅህ አጎት