ሙሉ ዋጋ ለደከመው

ለተከበሩ የሰፈራችን ሱፐርማርኬት ሥራ አስኪያጅ፣

እርስዎና መላው ቤተሰብዎ እንደምን ሰነበታችሁ? ጤናና ዕረፍት እንዲበዛልዎ ከልብ እየተመኘሁ፣ ይህን የምጽፈው ከሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሥራዬ ቤት ገብቼ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ስለሆነ፣ ጽሑፌ ቢንጋደድ ከንቀት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ።

አስቀድሜ፣ የሕፃናት ዱቄት ወተቱን ኩፖን ላለው በቅናሽ፣ ለሌለው በሙሉ ዋጋ ስለሚሸጡልን አመሰግናለሁ። ዋጋውን ዝም ብሎ መቀነስ ማንም ባለሱቅ የሚያደርገው ተራ ነገር ነውና፣ እርስዎ እዚያ ደረጃ አለመውረድዎ ያኮራናል። ቅሬታዎቼ ጥቂት ናቸው።

፩. ኩፖኑ የሚታደለው ማክሰኞ ጠዋት በር ላይ ሲሆን፣ በዚያ ሰዓት እኔ የበሽተኛ አንሶላ እጠባ ላይ ነኝ። በሰፈራችን አዘውትረው የሚወስዱት ጡረተኛው መምህር ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ቤታቸው ሕፃን የለም።

፪. ለምን በቀጥታ እንደማይቀንሱ አንሶላ እያጠፍኩ ብዙ አሰብኩበት። ቢቀንሱ ለሁላችንም መቀነስዎ ነው። በኩፖን ግን ጊዜ ያለውን በቅናሽ ይስባሉ፣ ጊዜ ያጣውን ሙሉውን ያስከፍላሉ፤ ማን እንደደከመው ሳይጠይቁ ያውቃሉ። ይህን ያሰበ ሰው እጁ ይባረክ።

፫. ሰፈሩ «እትዬ ቅናሽ» የሚላት ገንዘብ ተቀባይዎ፣ ሰው ጥሎት የሄደውን ኩፖን እየሰበሰበች፣ ለሌለን ከመሳቢያዋ አውጥታ ሒሳባችንን ትቀንስልን ነበር። እኔ ሳመነታ «አንቺ ዝም ብለሽ ልጅሽን አጠጪ» ትለኛለች። ባለፈው ሳምንት ድርጅቱን ለኪሳራ ዳርገሻል ብለው አሰናበቷት። ኩፖኑን ያሳተሙት እርስዎ፣ ቅናሹንም የፈቀዱት እርስዎ ነዎት፤ ጥፋቷ ለሚያስፈልገው ሰው መስጠቷ ብቻ ነው። ያለ አባት የምታሳድጋቸው ሦስት ልጆች አሏት፣ የመጨረሻው ገና አልቆመም።

ተቆጥቼ ልጽፍልዎት አስቤ ነበር፤ አቅሙን አጣሁ። ስለዚህ ሥራዋን እንዲመልሱላት በትህትና ብቻ እጠይቃለሁ።

ለጥበብዎ ካለኝ የማይነጥፍ አድናቆትና ከማያልቀው ድካሜ ጋር፣

ሙሉ ከፋይ ደንበኛዎ፣
ልብስ አጣቢዋ

ከፊርማ በኋላ የተጨመረ፦ ደብዳቤውን ፈርሜ ወተት ልገዛ እርስዎ ዘንድ ብቅ ብዬ ነበር። ከፊቴ የተሰለፈችው ራሷ እትዬ ቅናሽ ናት፣ አንድ ጣሳ ወተት ይዛ። አዲሷ ገንዘብ ተቀባይ እንደታዘዘችው ኩፖን ይዛ እንደሆነ በትህትና ጠየቀቻት፤ አልያዘችም። ከኋላዋ ያለነው ሁላችን ኪሳችንንና ቦርሳችንን ፈተሽን፣ ማናችንም ዘንድ አልተገኘም። ሙሉውን ከፍላ ወጣች። እንኳን ደስ ያለዎት።